ከሲዝን ትርፍ ወደ ኪራይ ቤት፦ አዋሽና ሰመራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ነጋዴ

ዛሬ የቡናም የሰሊጥም ዋጋ ይዤ አልመጣሁም። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትልኩልኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ ነው፦ «ከዘንድሮ ሥራ የተረፈችኝ ብር አለች። ባንክ ቁጭ ብላ ዋጋዋን ከምታጣ፣ አዋሽ ወይም ሰመራ ላይ ትንሽ የኪራይ ቤት ብገዛባትስ?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ይዞ መቀመጥ የሚያስፈራው ነጋዴ በዝቷል። አዋሽና ሰመራ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አገር አይደሉም። ምርታችን ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፣ ማዳበሪያውና ዘይቱ ሲወጣ በደጃቸው ነው የሚያልፈው። ሾፌሮቻችን እዚያ ያድራሉ፣ ትራንዚተሮቻችን እዚያ ይሯሯጣሉ። ሰው በሚያውቀው መንገድ ላይ ቤት ልግዛ ቢል አይገርምም።

ግን የጽሑፉን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። የቤቱን ዋጋ የሚነግራችሁ ሻጩና ደላላው ነው፤ የቤቱን ጥቅም የሚወስነው ግን ተከራዩ ነው። ተከራዩ ማን እንደሆነ፣ ገቢው ከየት እንደሚመጣ፣ በዓመት ስንት ወር እንደሚከፍል ሳታውቁ ዋጋ አትጠይቁ። እኛ ተረካቢውን ሳናውቅ መጋዘን አንሞላም። ቤትም እንደዚያው ነው።

*1. ሁለት ከተማ፣ ሁለት ዓይነት ተከራይ*

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። የወለዳት ባቡር ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽ ከዋና ዋናዎቹ ማረፊያዎች አንዷ ነበረች። የድሮው ባቡር ሥራ ሲያቆም ከተማዋ አስፋልቱን ተደግፋ ኖረች። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐረርጌና ድሬዳዋ፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ጋላፊ። ስለዚህ የአዋሽ ተከራይ በአብዛኛው መንገድ የሚያበላው ሰው ነው፦ ሾፌርና ረዳት፣ የኬላ ሠራተኛ፣ ትራንዚተር፣ የጋራዥ ባለሙያ፣ የምግብ ቤት ሠራተኛ። ይህ ተከራይ ሥራ ሲኖር ሳይከራከር ይከፍላል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።

ሰመራ ሌላ ናት። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ ከዞረ በኋላ የቢሮ ከተማ ሆነች። በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሥራ ጀመረ፣ አውሮፕላን ማረፊያው መጣ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠራ። ተከራይዋ በዋናነት ደመወዝተኛ ነው። ደመወዝተኛ በየወሩ ይከፍላል፤ ነገር ግን ጣሪያ አለው። ደመወዙ የቻለውን እንጂ እናንተ ያሰባችሁትን አይከፍልም። ብዙው ደግሞ ቤተሰቡን ሌላ ከተማ ትቶ ብቻውን የመጣ ነው፤ የሚፈልገው ንጹሕ ነጠላ ክፍል፣ ውሃና መብራት ነው እንጂ ሦስት መኝታ ያለው ቪላ አይደለም።

ጎን ለጎን ያለችው ሎግያ ከሰመራ ጋር በአንድ ከተማ አስተዳደር ብትሆንም ጠባይዋ ወደ አዋሽ ያደላል፤ የመኪና ከተማ ናት። ደላላ «ሰመራ ነው» ብሎ ሎግያ ሲያሳያችሁ፣ ወይም በተቃራኒው ሲያደርግ፣ ልዩነቱ የሰፈር ብቻ እንዳልሆነ እወቁ። የተከራይ ልዩነት ነው።

ሰመራ ላይ «ሙሉ ግቢውን ለድርጅት አከራያለሁ» የሚል ሐሳብም አለ። ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። ግን የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ በአገሪቱ ስንት ፕሮጀክት እንደታጠፈ አይታችኋል። አንድ ተከራይ ብቻ ያለው ቤት አንድ ገዢ ብቻ እንዳለው ላኪ ነው። ገዢው የቀረ ቀን ዋጋም አይጠየቅም።

*2. መንገድ ያመጣውን መንገድ ይወስደዋል*

ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ታስታውሳላችሁ። እስከ 1990 ዓ.ም. ዋናው ወደባችን አሰብ ነበር። መኪናው ሰርዶን አልፎ ወደ ኤሊዳር፣ ማንዳና ቡሬ ይሄድ ነበር። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲጀመር ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በአሰብ መስመር ላይ ምግብ ቤትና ማደሪያ የነበረው ሰው ግድግዳው አልፈረሰም፤ የጠፋው ደንበኛው ነው።

ከዚያ ወዲህም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ካሳጊታና ጭፍራ ሲደርስ በሚሌ መንገድ ላይ ያጠላው ሥጋት ለማንኛችንም አዲስ ወሬ አልነበረም። አሁን ደግሞ ከአዳማ ወደ አዋሽ የፍጥነት መንገድ እየተሠራ ነው። ለጭነታችን ጥሩ ዜና ነው። ለማደሪያ ክፍል ግን ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይሆንም፤ ትናንት አዋሽ ያድር የነበረ ሾፌር ነገ አልፏት ሊሄድ ይችላል።

እዚህ ላይ በተለይ ላኪዎች ልብ በሉ። ብዙዎቻችሁ ቤት የምትገዙት «ንግዱ ቢበላሽ ኪራዩ ያኖረኛል» ብላችሁ ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ቦታው ግን ይታሰብበት። ንግዳችሁ የተንጠለጠለው በጅቡቲ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ቤታችሁም በዚያው መንገድ ተከራይ የሚኖር ከሆነ፣ ጭነታችሁም ኪራያችሁም የሚቆመው በአንድ ቀን ነው። ሥጋታችሁን አልከፈላችሁትም፣ ደረባችሁት። ስለዚህ ብትገዙ እንኳ ሾፌሩ ቢቀር አስተማሪ ወይም ነርስ የሚገባበት ቤት ምረጡ፦ ከኬላው ዳር ሳይሆን ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ተቋምና ከገበያ የማይርቅ።

*3. ሂሳቡን እንምታው*

ቁጥሮቹ ለስሌት የያዝኳቸው ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት።

አምስት ነጠላ ክፍል ያለው ግቢ፣ ከስም ማዛወሪያና ከዕድሳት ጋር ጠቅላላ 4,000,000 ብር ፈጀ እንበል። አንዱ ክፍል በወር 6,000 ብር ይከራያል። ደላላው እንዲህ ያሰላላችኋል፦ 5 ክፍል በ6,000 ሲባዛ በወር 30,000፣ በዓመት 360,000 ብር። «በ11 ዓመት ብሩ ይመለሳል!»

አሁን እኛ እንደምናሰላው እናስላ፦

👉 በአማካይ ሁለት ወር ባዶ የሚቀር፦ 60,000 ሲቀነስ
👉 ጥገና፣ ቀለም፣ ሮቶ፣ ፓምፕ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ማስመጠጥ፦ 45,000 ሲቀነስ
👉 ኪራይ ሰብሳቢ፣ ጥበቃ፣ የእናንተ መመላለሻ፦ 35,000 ሲቀነስ
👉 የኪራይ ገቢ ግብርና የሊዝ ዓመታዊ ክፍያ፦ 40,000 ሲቀነስ

የቀረው 180,000 ብር ነው። ይህ ከ4,000,000 ብር 4.5 በመቶ ነው። 11 ዓመት የተባለው 22 ዓመት ሆነ። ቤቱ አልተለወጠም፤ ሂሳቡ ነው የተለወጠው።

«የቤቱ ዋጋ ራሱ ይጨምራል እኮ» ትሉኛላችሁ። ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው ቤት የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ግን ያ ጭማሪ እጃችሁ የሚገባው ስትሸጡ ነው። ሰሊጥ መጋዘን ካለ ዋጋው ባያስደስትም ገዢ አለው። ሰመራ ላይ ያለ ቤት ግን ለጥቅምት ግዢ ገንዘብ ፈልጋችሁ መስከረም ላይ ብታወጡት፣ ገዢው ጥር ላይ ሊመጣ ይችላል። ከሽያጩ ላይም የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር አለ። ስለዚህ ሻጩ «ነገ ይጨምራል» ብሎ የነገውን ዋጋ ዛሬ ሲጠይቃችሁ፣ የነገውን ትርፍ ለእሱ እየከፈላችሁት እንደሆነ እወቁ።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፦ ለሚቀጥለው ሲዝን መግዣ የምትፈልጉትን ብር ቤት ውስጥ አታስገቡ። ሥራ ማስኬጃውን ግድግዳ ያደረገ ነጋዴ ምርት በረከሰበት ሳምንት እጁን አጣጥፎ ያያል፣ ወይም በአራጣ ይበደራል። የአንድ ሲዝን መግዣና የአንድ መጥፎ ሲዝን ኪሳራ ከተቀመጠ በኋላ የተረፈው ነው የቤት ብር።

*4. ወረቀት፦ መሬት አይሸጥም*

ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሲመቸን ግን እንረሳለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤትና ከእሱ ጋር የሚተላለፈው የይዞታ መብት ነው። ያው አንቀጽ አርብቶ አደሩ ለግጦሽ መሬት የማግኘትና ካለበት ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። አዋሽም ሆነ ሰመራ ዳር ላይ «የጎሳ መሬት ነው፣ ሽማግሌዎች ተስማምተዋል፣ ሦስት ምስክር አለ» ተብሎ ባዶ ቦታ ሲቀርብላችሁ ካርታ ከሌለው የምትገዙት ነገር የለም። ሲፈርስ ካሳ የለውም። ከዚያም በላይ፣ ያ ቦታ የአንድ ቤተሰብ ከብት የሚሰማራበት ሊሆን ይችላል። ርካሽ ያደረገው እሱ ከሆነ፣ ጠቡንም አብራችሁ ነው የምትገዙት።

ካርታ ካለውም ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ፦

👉 ካርታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው? የሊዝ ዕዳ ከቦታው ጋር ወደ እናንተ ይዞራል።
👉 ግንባታው ምን ደረጃ ላይ ነው? በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት፣ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ የሊዝ ቦታ ሻጩ የሚያገኘው የተገደበ ነው፦ የከፈለው ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋ፣ ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ ላይ ደግሞ 5 በመቶ። «በወረቀት ዝቅ አድርገን እንጻፈው» የሚባለው ከዚህ ነው የሚመጣው። ነገሩ ሲበላሽ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው።
👉 ዕዳና እገዳ ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ይጣራ። ባንክ ይዞት፣ ፍርድ ቤት አግዶት ሊሆን ይችላል።
👉 ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን ከሰጠው ቢሮ አረጋግጡ።
👉 ከተማው ፕላን ላይ ቤቱን ፈልጉት። አስፋልት ዳር ያለ ቤት ለዓይን ይጥማል፤ መንገድ ሲሰፋ ግን መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።
👉 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። የቀብድ ውል ላይ ማን ቢያፈርስ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ሕጉ ቀብድ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል ነው የሚለው።

*5. መሬቱ ራሱ ይናገራል*

አፋር ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው ያለው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። ታኅሣሥ ላይ ዶፈን አካባቢ ምድሩ ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭስ ወጣ፤ የካቲት ላይ መጠኑ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ትቶ ወጣ። ወደ ሰመራ ስትሄዱ ደግሞ ሰርዶ አለች፤ መጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈራረሰች ከተማ ናት።

ስለዚህ ቤት ስታዩ ቀለሙን ትታችሁ ማዕዘኑን እዩ። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ አዲስ ተለስኖ ቀለሙ ከሌላው የሚለይ መስመር ምልክት ነው። ብሎኬት ብቻ የተደረደረበት ቤት ኮለን አለው? ከታች ግሬድ ቢም፣ ከላይ ታይ ቢም ታስሯል? ሻጩ የግንባታ ፈቃድና ፕላን ያሳያችሁ፤ ከሌለው አንድ መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ። የመሐንዲሱ ክፍያ ከአንድ ወር ኪራይ ብዙም አይርቅም፤ የሚያድነው ግን የሰው ነፍስ ነው። በፌሮና በሲሚንቶ የቆጠበ አከራይ የቆጠበው በተከራዩ ልጆች ላይ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። አዋሽ ወንዝ በሐምሌና በነሐሴ ይሞላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በታችኛው አዋሽ ያደረሰውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሎግያ ወንዝም ደጋ ላይ ሲዘንብ በድንገት ይመጣል። ቤቱን በበጋ ካያችሁት ጎረቤትን «ነሐሴ ላይ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የድሮ የውሃ ምልክት በግድግዳው ላይ ፈልጉ።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ሰመራ በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ምጣድ ነው። ሰው ማታ ውጭ ስለሚተኛ ግቢና በረንዳ የሌለው ክፍል እዚያ ግማሽ ቤት ማለት ነው። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች፣ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሮቶ፣ ለየክፍሉ የራሱ የመብራት ቆጣሪ ወይም ንዑስ ቆጣሪ ያለው ቤት ተከራይ ቶሎ አይለቀውም። እነዚህ ከሴራሚክና ከጂፕሰም ጌጥ ይቅደሙ።

*6. አከራይ መሆን ሥራ ነው*

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጨዋታውን ቀይሮታል። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዝቅተኛው ዘመን ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ የሚመለከተው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። በምትገዙበት ከተማ እንዴት እንደሚፈጸም ከአስተዳደሩ ጠይቃችሁ እወቁ። «ዓመት ቅድሚያ ተቀብዬ የቀረውን የቤት ዕዳ እከፍላለሁ» ብሎ ያቀደ ሰው ዕቅዱን እንደገና ይጻፍ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ግብር አዋጅም በሂሳባችሁ ውስጥ ቦታ ይያዝለት።

አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተቀምጣችሁ ሰመራ የምታከራዩ ከሆነ ደግሞ ቦታው ላይ የምታምኑት ሰው ያስፈልጋል። በወር የሚታሰብ ክፍያ ስጡት፤ «ለወንድሜ ነው፣ በነጻ ያየዋል» አይሠራም። ፓምፑ የተበላሸ ቀን በሁለተኛው ቀን ያላሠራ አከራይ በሦስተኛው ወር ባዶ ክፍል ነው የሚታቀፈው።

መረጃ ለማግኘትም ከደላላው በፊት አገሬውን ስሙ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ባህል አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይለዋወጣል፣ የተሳሳተ ወሬ ማቀበልም ነውር ነው። ከእኛ ቻናል በፊት የነበረ ቻናል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ አድራችሁ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ጠይቁ፦ የትኛው ሰፈር ውሃ ይደርሰዋል፣ የትኛው ግቢ ጠብ አለበት፣ አምና ስንት ክፍል ባዶ ከረመ። ደላላ በስልክ የማይነግራችሁ ይህን ነው።

*ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም?*

መስመሩ ላይ የራሱ ሥራ ላለው፣ ማለትም ለትራንዚተር፣ ለመኪና ባለቤት ወይም ከአካባቢው ጥጥ፣ ጨውና ከብት ለሚነግድ ሰው ይሆናል። ቤቱን በዓይኑ ያየዋል፣ ተከራዩን ያውቀዋል፣ ቢከፋ ራሱ ይገለገልበታል። የመጀመሪያውን ቤት በብድር ሳይሆን በተረፈ ብር፣ ከአምስት ክፍል ሳይሆን ከሁለት ሦስት ክፍል ቢጀምር ይሻላል። አንድ ዓመት አከራይቶ እውነተኛውን ወጪ ካየ በኋላ ሁለተኛውን ያስብ።

ለዩኒየኖች ግን ጥንቃቄዬ ይበዛል። የዩኒየን ብር የሥራ አመራሩ ብር አይደለም፤ ለአባሉ የሚከፋፈል ወይም ለመጪው ግዢ የሚውል ነው። ለራሳችሁ ሾፌሮችና ተከታታይ ሠራተኞች ማደሪያ ከሆነ፣ አሁን በዓመት ለአልጋ የምታወጡትን አስልታችሁ ከላይ ባለው ሂሳብ ከቤቱ ወጪ ጋር አወዳድሩና ለጠቅላላ ጉባኤ አቅርቡ። ለኪራይ ትርፍ ብቻ ከሆነ ግን ምርቱን ያስረከበ ገበሬ ክፍያውን እየጠበቀ ባለበት ሰዓት ሰመራ ላይ ግቢ መግዛት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

የሰላምና የበረከት ገበያ ይሁንላችሁ። አዋሽ፣ ሎግያና ሰመራ ያላችሁ ተከታታዮች የሰፈራችሁን የነጠላ ክፍል ኪራይና አምና ስንት ወር ባዶ እንደከረመ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስም ሳልጠቅስ አሰባስቤ አወጣዋለሁ። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።